አሌክሳንደር ሁምቦልት፦ ተራራን፣ ደንንና ውቅያኖስን በአንድ ክር ያሰረ ሊቅ



ውቅያኖስ ጠረፍ ላይ ያለ አገር እንዴት ዝናብ ያጣል? ከምድር ወገብ እኩል ከሚርቁ ሁለት አገሮች አንዱ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ሌላው ለምን ደህና ሙቀት ያገኛል? ደን ሲመነጠር ምንጭ የሚደርቀው ምን አገናኝቷቸው ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ቀልድ አይደሉም። ነገ የምናስተምራቸው ልጆች እጃቸውን አውጥተው ይጠይቁናል። አብዛኞቹ ወላጆቻቸው በዝናብ የሚያርሱ ናቸውና ጉዳዩ የጎተራቸው ጉዳይ ነው። ያን ጊዜ ነገሩን ሁሉ በፀሐይ አሳበን ብንገላገል፣ ልጁ ዝም ይላል እንጂ አይገባውም።

የነዚህን ጥያቄዎች መልስ ፍለጋ ቴርሞሜትርና ባሮሜትር ተሸክሞ ዓለምን የዞረ አንድ ሰው ነበር። ስሙ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ይባላል። አየሩ፣ ባሕሩ፣ ተራራው፣ ዛፉና የሰው ልጅ እጅ ተያይዘው የሚሠሩ ናቸው፤ አንዱ ሲነካ ሌላው ይንቀሳቀሳል፤ ይህንንም በግምት ሳይሆን በልኬት ማሳየት ይቻላል ብሎ ያስተማረ ሊቅ ነው። በዚህ እትም ሕይወቱን ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና የመጀመሪያ ሥራው

ሁምቦልት መስከረም 14 ቀን 1769 በፕሩሲያ ዋና ከተማ በበርሊን ተወለደ። አባቱ የጦር መኮንን የነበሩ ሲሆን እሱ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ሞቱ። እናቱ ሀብታም ነበሩ፤ ግን ጥብቅ ሴት ስለነበሩ ሁለቱን ልጆቻቸውን ቤት ድረስ በሚመጡ አስተማሪዎች እያስጠኑ አሳደጉ። ታላቅ ወንድሙ ቪልሄልም በቋንቋ ትምህርት ታዋቂ ለመሆን የበቃ ጎበዝ ልጅ ነበር። አሌክሳንደር ግን በዚያን ጊዜ ያን ያህል ተስፋ የሚጣልበት ተማሪ አልነበረም። ልቡ ውጭ ነበር። ቅጠል፣ ነፍሳትና ድንጋይ እየለቀመ በክፍሉ ውስጥ ስለሚደረድር፣ የቤቱ ሰዎች ትንሹ መድኃኒት ቀማሚ የሚል ቅጽል ስም አወጡለት።

በ1791 ፍራይበርግ ወደሚገኘው የማዕድን ትምህርት ቤት ገባና የትምህርቱን ሥራ በስምንት ወር ጨርሶ የመንግሥት የማዕድን ተቆጣጣሪ ሆነ። እዚህ ላይ እኛን ዕጩ መምህራንን በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። ሠራተኞቹ መሬት ለመሬት እየገቡ ሲቆፍሩ ስለ ድንጋዩም ሆነ ስለሚገድላቸው መጥፎ አየር የሚያውቁት ጥቂት መሆኑን አየ። ከአለቆቹ ፈቃድ ሳይጠብቅ በ1793 ሽቴበን በተባለች መንደር በራሱ ገንዘብ የማዕድን ሠራተኞች ትምህርት ቤት ከፈተ። ክፍያ የለም፤ ወጣቱም ጎልማሳውም ይማራል። ትምህርቱ ሠራተኛው በየቀኑ ከሚነካው ድንጋይና ከሚጨብጠው መሣሪያ የሚነሳ ነበር። ዕድሜው ያኔ 24 ዓመት ገደማ ነበር፤ ከእኛ ብዙም አይርቅም ማለት ነው።

በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ በመጥፎ አየር ውስጥ የማይጠፋ ፋኖስ ሠራ። የሚሞክረውም ራሱ ነበር። በ1796 ፋኖሱን ይዞ ወደ ጉድጓድ ሲገባ ፋኖሱ አልጠፋም፤ እሱ ግን ራሱን ስቶ ወደቀ። ጓደኞቹ ጎትተው አወጡት።

ወደ አሜሪካ አህጉር

በ1796 መጨረሻ እናቱ ሲሞቱ ብዙ ውርስ ደረሰው። ሌላው ቢሆን ቤት ሠርቶ ይቀመጥበት ነበር። ሁምቦልት ግን ሥራውን ለቀቀና ገንዘቡን በጉዞና በመሣሪያ ላይ አዋለው። የስፔን ንጉሥ ቅኝ ግዛቶቻቸውን እንዲጎበኝ ስለፈቀዱለት፣ ኤሜ ቦንፕላን ከተባለ ፈረንሳዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ጋር ሰኔ 5 ቀን 1799 ከስፔን ወደብ በመርከብ ተነሳ። የአየር ግፊት የሚለካ ባሮሜትር፣ ሙቀት የሚለካ ቴርሞሜትር፣ የአየርን እርጥበት የሚለካ መሣሪያ፣ ሌላው ቀርቶ የሰማይን ሰማያዊነት የሚለካ መሣሪያ ሳይቀር ነበረው።

ጉዞው አምስት ዓመት ፈጀ። ዛሬ ቬኔዙዌላ፣ ኩባ፣ ኮሎምቢያ፣ ኤኳዶር፣ ፔሩና ሜክሲኮ የምንላቸውን አገሮች በእግር፣ በበቅሎና በታንኳ አቋረጠ። በ1800 ኦሪኖኮ በተባለው ታላቅ ወንዝና በገባሮቹ ላይ ለ75 ቀናት 2,250 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዙ። ወባ፣ ትንኝና ረሃብ ተፈራረቁባቸው። መሣሪያዎቹ ግን በዝናብም በፀሐይም ሥራ አልፈቱም። በዚህ ዓይነት 60,000 ያህል የዕፅዋት ናሙናዎች ሰበሰቡ። እኛ ግን ከጉዞው ውስጥ ሦስት ቦታዎችን ብቻ መርጠናል።

ሐይቁ ለምን ጎደለ?

የመጀመሪያው ቦታ በቬኔዙዌላ የሚገኘው የቫሌንሲያ ሐይቅ ነው። ይህ ሐይቅ ወደ ባሕር የሚወጣበት በር የለውም። ሁምቦልት በ1800 መጀመሪያ ላይ ሲደርስ ነዋሪዎቹ ተጨንቀው አገኛቸው፤ ውሃው ከዓመት ዓመት እየሸሸ ነበር። ቀድሞ በውሃ የተሸፈነ መሬት ታርሷል፤ ደሴት የነበረው ከየብስ ጋር ተገናኝቷል፤ ቀድሞ ያልነበሩ ደሴቶችም ብቅ ብለዋል። አንዳንዶቹ ውሃው ከመሬት በታች በተሰወረ ቀዳዳ እየሾለከ ነው ይሉ ነበር።

ሁምቦልት ይህን አልተቀበለም። ዙሪያውን ዞሮ አየ፣ ለካ፣ ጠየቀ። በሐይቁ ዙሪያ ያሉት ኮረብታዎች ደናቸው ተመንጥሯል። ወደ ሐይቁ ይገቡ የነበሩት ወንዞችም ኢንዲጎ የሚባለውን የቀለም ተክልና ሌላውን ሰብል ለማጠጣት በቦይ ተጠልፈዋል። እንግዲህ የሐይቁ ቀዳዳ መሬት ውስጥ ሳይሆን በሰው እጅ ውስጥ ነበር።

አሠራሩንም እንዲህ አስረዳ። ዛፍ ባለበት ተዳፋት ዝናቡ በቅጠልና በሥር ተይዞ ቀስ እያለ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ምንጩም በበጋ ሳይነጥፍ ይፈሳል። ጥላው መሬቱን ስለሚያቀዘቅዘው ትነት ይቀንሳል። ቅጠሉም እርጥበቱን መልሶ ለአየሩ ይሰጣል። ዛፉ ሲቆረጥ ግን ዝናቡ እንደወረደ አፈሩን ይዞ ይነጉዳል። በክረምት ጎርፍ፣ በበጋ ደረቅ ወንዝ ይሆናል። ይህ ለእኛ አገር ገበሬ አዲስ ወሬ አይደለም፤ በየዓመቱ በዓይኑ የሚያየው ነው። የሁምቦልት ትልቁ ሥራ ሰው በአካባቢው አየርና ውሃ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ከነምክንያቱ ቀድመው ከጻፉት አንዱ መሆኑ ነው።

በቺምቦራዞ ተራራ ላይ

ሁለተኛው ቦታ በዛሬዋ ኤኳዶር የሚገኘው የቺምቦራዞ ተራራ ነው። ከፍታው 6,263 ሜትር ሲሆን በዚያን ዘመን አውሮፓውያን የዓለም ረጅሙ ተራራ ይመስላቸው ነበር። ሰኔ 23 ቀን 1802 ሁምቦልት፣ ቦንፕላንና ካርሎስ ሞንቱፋር የተባለ የኪቶ ወጣት ሽቅብ ወጡ። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ አጥወለወላቸው፤ ድዳቸው ደማ፤ ዓይናቸው ቀላ። በመጨረሻ ሊሻገሩት የማይችሉት ገደል አገዳቸው። ባሮሜትሩን አውጥቶ ሲያሰላ 5,878 ሜትር ላይ መሆናቸውን አገኘ። ከኛ ራስ ዳሽን ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍ ብለው ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ከፍታውን መውጣቱ ብቻ ምን ይጠቅማል? የጠቀመው እየወጣ የመዘገበው ነው። ከታች በሙቀቱ አገር ዘንባባ፣ ከፍ ሲል ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ቀጥሎ ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ሣር፣ በመጨረሻ ድንጋይ ላይ የሚለጠፍ ሽበት መሳይ ዕፅ፣ ከዚያም በላይ በረዶ። በምድር ወገብ አጠገብ በሚገኝ አንድ ተራራ ላይ፣ ከምድር ወገብ እስከ ዋልታ የሚገኙትን የአየር ንብረት ዓይነቶች ተደራርበው አገኛቸው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ሙቀቱም ይቀንሳል። ዕፅዋቱም በዚያው ልክ ይለዋወጣሉ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ እያልን ከጥንት ጀምሮ ስንለይበት የኖርን ነን። የተራራ ገበሬ የሆነ ሕዝብ ሁሉ ይህን በኑሮው ያውቀዋል። ሁምቦልት የጨመረው ልኬትን ነው። የተራራውን ቁርጥ ሥዕል በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሥሎ፣ የየዕፅዋቱን ስም በሚበቅሉበት ከፍታ ላይ ጻፈ። ከግራና ከቀኝ ደግሞ የየከፍታውን ሙቀት፣ ግፊትና እርጥበት በአምድ በአምድ አሰፈረ። ሥዕሉን በ1807 ከዕፅዋት ጂኦግራፊ መጽሐፉ ጋር አሳተመው። አንድ ወረቀት፣ ግን ያልተማረ ሰው እንኳን ቆሞ አይቶ የሚረዳው ነው። የትምህርት መርጃ መሣሪያ ማለት እንዲህ ያለ አይደለም እንዴ?

ቀዝቃዛው ውሃ

ሦስተኛው ቦታ የፔሩ ጠረፍ ነው። ሁምቦልት በ1802 መጨረሻ ወደ ሊማ ሲወርድ አንድ እንቆቅልሽ ገጠመው። በስተምዕራብ ማለቂያ የሌለው የፓስፊክ ውቅያኖስ አለ። አገሩም ለምድር ወገብ ቅርብ ነው። ይሁንና ጠረፉ አሸዋ ነው፤ ዝናብ የለም፤ ሰማዩ ለወራት በጉም ተሸፍኖ ይከርማል። ቴርሞሜትሩን ወደ ባሕሩ አስገብቶ ቢለካ ውሃው ወደ 16 ዲግሪ ብቻ ሆኖ አገኘው። በዚያው ኬክሮስ ከጠረፉ ርቆ ያለው ውሃ ግን ከዚያ በብዙ ይሞቃል። ለካስ ከደቡብ ወደ ሰሜን በጠረፉ ሥር እንደ ወንዝ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ አለ!

ዝናብ የሚገኘው እርጥብ አየር ወደ ላይ ሲወጣና ሲቀዘቅዝ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ላይ ያለ አየር ግን ከሥሩ ስለሚቀዘቅዝ ከብዶ ይቀመጣል እንጂ አይወጣም። ስለዚህ ጉም ይሆናል እንጂ ዝናብ አይሆንም። ባሕሩ አጠገብ ያለው በረሃ ምስጢር ይኸው ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ከሁምቦልት በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ነፋሱ የላይኛውን ውሃ ከጠረፉ እየገፋ ሲያርቀው ከጥልቁ ሌላ ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። ይህም ውሃ ማዳበሪያ የሚሆን ንጥረ ነገር ይዞ ይመጣል። በዚያ ላይ በዓይን የማይታዩ ዕፅዋት ይበቅላሉ፤ እነሱን ዓሦች ይመገባሉ፤ ዓሦቹን ወፎች ይበላሉ። የወፎቹ ኩስ በደሴቶቹ ላይ ይከመራል። ጓኖ የሚባለውን ይህን ኩስ የአገሩ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ በእርሻቸው ላይ ይበትኑት ነበር። ሁምቦልት ናሙናውን ወደ አውሮፓ ወስዶ አስመረመረው። እስቲ ልብ እንበል፦ ነፋስ፣ ባሕር፣ ዓሣ፣ ወፍ፣ ማሳ። ክሩ አንድ ነው።

ይህ ቀዝቃዛ ፍሰት ዛሬ በስሙ ይጠራል። እሱ ግን ስያሜውን ተቃውሞ ነበር። የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ከሱ በፊት ለዘመናት ያውቁት ነበርና፣ የኔ ድርሻ ሙቀቱን ቀድሞ መለካት ብቻ ነው ባይ ነበር። ለመምህር የሚገባ ትሕትና ነው። ተማሪ ከቤቱ ይዞት የሚመጣውን ዕውቀት እንድናከብር ያስተምረናል።

ከዚያ ጠረፍ እስከ እኛ ማሳ

የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ሌላም ነገር ያውቁ ነበር። በየጥቂት ዓመቱ ነፋሱ ይደክምና ሙቅ ውሃ ቀዝቃዛውን ይሸፍነዋል፤ ዓሣው ይጠፋል፤ ወፉ ያልቃል፤ በረሃው በጎርፍ ይጥለቀለቃል። ነገሩ የሚታየው በገና ሰሞን ስለነበር፣ በሕፃኑ ኢየሱስ ስም ኤልኒኞ አሉት። በ1920ዎቹ ጊልበርት ዎከር የተባለ እንግሊዛዊ፣ በፓስፊክ ምሥራቅና በምዕራብ ወገን የአየር ግፊት እንደ ሚዛን አንዱ ሲወጣ አንዱ እንደሚወርድ አሳየ። በ1969 ደግሞ ጃኮብ ቢየርክኔስ የአየሩ ሚዛንና የባሕሩ ሙቀት አንድ ሥራ መሆናቸውን አስረዳ።

ይህ ሁሉ ከኛ ጋር ምን አገናኘው? አገናኝቶታል። በፓስፊክ ላይ ሙቁ ውሃ ቦታውን ሲለቅ አየር የሚወጣበትና የሚወርድበት ቦታም አብሮ ይዛወራል። በዚህም ምክንያት በብዙ የኤልኒኞ ዓመታት የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምት ዝናብ ያንሳል። በ2015 ኃይለኛ ኤልኒኞ ሆነ፤ የክረምቱም ዝናብ ከዳ። ለቀጣዩ ዓመት የምግብ ዕርዳታ የሚያስፈልጋቸው ወገኖቻችን 10.2 ሚሊዮን መሆናቸው ተገለጸ። እንግዲህ በዓይናችን አይተነው የማናውቀው ውቅያኖስ ከእርሻችን ጋር ጉዳይ አለው።

መስመር በካርታ ላይ

ሁምቦልት በ1804 ወደ አውሮፓ ከተመለሰ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በፓሪስ ተቀምጦ የሰበሰበውን ሲጽፍ ኖረ። በ1817 አንድ ቀላል የሚመስል ነገር አደረገ። አማካይ የዓመት ሙቀታቸው እኩል የሆኑ ቦታዎችን በካርታ ላይ በመስመር አገናኘ። ፀሐይ ብቻዋን ብትወስን ኖሮ መስመሮቹ ከምድር ወገብ ጋር ትይዩ ሆነው ቀጥ ባሉ ነበር። እነሱ ግን ታጠፉ፣ ተጠማዘዙ። አየርላንድ ለስለስ ያለ ክረምት ስታገኝ፣ በዚያው ኬክሮስ የሚገኘው የካናዳው ላብራዶር በበረዶ ይታሰራል። ምክንያቱም ወደ አየርላንድ የሚነፍሰው ነፋስ ሙቅ ውሃ ላይ አልፎ የሚመጣ ሲሆን፣ የላብራዶር ጠረፍ ግን ከሰሜን የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያጥበው ነው። ዛሬ በአትላሶቻችን ላይ የምናያቸው የእኩል ሙቀት መስመሮች የመጡት ከዚህ ሥራ ነው።

በ60 ዓመቱ፣ በ1829፣ በሩሲያ በኩል እስከ ቻይና ድንበር ተጓዘ። ስለዚያ ጉዞ በ1843 ባሳተመው መጽሐፍ ሰው የአየር ንብረትን የሚለውጥባቸውን መንገዶች ጠቀሰ፦ ደን መመንጠር፣ የውሃን መንገድ መለወጥ፣ በፋብሪካ አካባቢ ብዙ እንፋሎትና ጋዝ ወደ አየር መልቀቅ። ዛሬ በከባቢ አየር ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከነበረው ወደ 280 የሚሊዮን እጅ ተነስቶ ከ420 በላይ መድረሱን ስናስብ፣ ነገሩን ምን ያህል ቀድሞ እንዳየው ይገባናል።

ያለ ክፍያ ያስተማረ

ከ1827 እስከ 1828 ባለው ጊዜ ሁምቦልት በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ከ60 ጊዜ በላይ ንግግር አደረገ። ለሕዝብ ደግሞ በአንድ የሙዚቃ አዳራሽ 16 ጊዜ አስተማረ። መግቢያው ነፃ ነበር። ንጉሡም ግንበኛውም በአንድ አዳራሽ ተቀመጡ፤ ዩኒቨርሲቲ መግባት ያልተፈቀደላቸው ሴቶችም አዳራሹን ሞሉት።

ሁምቦልት ባርነትን አጥብቆ ይቃወም ነበር። ሰው እንደ ከብት ሲሸጥ በቬኔዙዌላ በዓይኑ አይቷል። በ1826 ስለ ኩባ ባሳተመው መጽሐፍ የባርነትን ግፍ ጻፈ። በ1856 መጽሐፉን በአሜሪካ የተረጎመው ሰው ያንን ክፍል ቆርጦ ሲያወጣው በጋዜጣ ተቃወመ። በ1857 ደግሞ የፕሩሲያን አፈር የረገጠ ባሪያ ሁሉ ነፃ ይሁን የሚለው ሕግ እንዲወጣ አገዘ።

በስተርጅና ያ ሁሉ ውርስ በጉዞና በመጽሐፍ ማሳተሚያ አልቆ በዕዳ ኖረ። ሥራ ግን አላቆመም። ኮስሞስ የተባለውን ትልቅ መጽሐፉን የመጀመሪያ ጥራዝ በ1845፣ በ75 ዓመቱ አወጣ። አምስተኛውን ሲጽፍ ቆይቶ ግንቦት 6 ቀን 1859 በ89 ዓመቱ በበርሊን ዐረፈ።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ ወደየትምህርት ቤታችን ስንሄድ ውድ መሣሪያ አይሰጠን ይሆናል። ሁምቦልት ግን ዋናው መሣሪያ በየቀኑ መዝግቦ አለመሰልቸት መሆኑን አሳይቷል። አፉና ታቹ እኩል የሆነ ባዶ ጣሳ ገላጣ ቦታ ላይ እናስቀምጥ። ተማሪዎቻችን በየጧቱ በአንድ ሰዓት፣ የወረደውን ዝናብ በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ለክተው በደብተር ይጻፉ፤ ከዚያም ይድፉት። ዓመት ሲሞላ የአካባቢያቸውን ዝናብ በቁጥር ያውቁታል፤ ሁለተኛው ዓመት ሲመጣ ማነጻጸር ይጀምራሉ። የአካባቢውን ተራራ ቁርጥ ሥዕል በካርቶን ላይ ሠርተን የየከፍታውን ሰብልና ዛፍ ልጆቹ ራሳቸው ከአባትና ከእናታቸው ጠይቀው ይሙሉት። ምንጩ የነጠፈበት መንደር ካለ፣ ከበላዩ ምን ዛፍ እንደነበረ ሽማግሌዎችን ይጠይቁ።

ይህን ያደረገ ተማሪ ደን ሲመነጠር ዝም ብሎ አያይም። ዝናብ ሲዘገይም ምክንያቱን ማየት የሚጀምረው ከራሱ ደብተር ነው።